በሽታን በስሙ ስለ መጥራት፤ የሴት ሕፃናት ቀላል ሕመሞች በዓለም የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ስላገኙት ቦታ

የበሽታዎች ስም ዝርዝር ለጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ የሚያገለግል ወረቀት ይመስላል። ሐኪም በሽተኛውን መርምሮ የበሽታውን ስም በመዝገብ ይጽፋል፤ ጸሐፊው በዚያ ስም ፋንታ ፊደልና ቍጥር ያኖራል፤ ቍጥሮቹም ተደምረው ስለ አንድ አገር ሕዝብ ጤና ይመሰክራሉ። ነገር ግን ዝርዝሩ የሰው ሥራ እንደ መሆኑ መጠን ታሪክ አለው። ማን እንዳዘጋጀው፣ ለምን ጕዳይ እንዳዘጋጀው፣ ማንን ቈጥሮ ማንን ሳይቈጥር እንዳለፈ መርምሮ ማወቅ ይቻላል።

ይህን ታሪክ አጕልተው ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ በሴት ሕፃናት ኀፍረተ ሥጋ ላይ የሚታዩት፣ ለሞት የማያደርሱት ሕመሞች ናቸው። ዝርዝሩ የተወለደው ሙታንን ለመቍጠር ስለ ሆነ የማይገድል ሕመም ለረጅም ዘመን የራሱ መስመር አልነበረውም፤ ቈይቶ በገባ ጊዜም ለሌላ ጕዳይ በተሠራ ቤት ውስጥ በእንግድነት ተቀመጠ። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት የቍጥር ስሕተት ብቻ አይደለም። በአንዲት ልጅ መዝገብ ላይ የሰፈረው ቃል ሁኔታዋ የተፈጥሮ ሥርዐት ነው፣ ከፍጥረት የመጣ ጉድለት ነው፣ በሽታ ነው፣ ወይስ ሰው ያደረሰባት ጉዳት ነው የሚለውን ጥያቄ የሚወስን ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሎንዶን ከተማ በ16ኛው መቶ ዓመት ወረርሽኝ በተነሣ ቍጥር የሟቾችን ብዛት የሚያስታውቅ ወረቀት ይወጣ ነበር፤ ከ1603 ጀምሮ ግን በየሳምንቱ ሳይቋረጥ መውጣት ጀመረ። የሞቱን ምክንያት የሚናገሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ አስከሬን እንዲመለከቱ በየደብሩ የተሾሙ አሮጊቶች ነበሩ። ጆን ግራውንት የሚባል የሎንዶን ነጋዴ እነዚህን ወረቀቶች ሰብስቦ መረመረና በ1662 ስለ እነርሱ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ግራውንት ሊያውቅ ከፈለጋቸው ነገሮች አንዱ ከሚወለዱት ሕፃናት ስንቶቹ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ነበር። ይሁን እንጂ በወረቀቶቹ ላይ የሟቹ ዕድሜ አይጻፍም ነበር። ስለዚህ በሕፃናት ላይ ብቻ የሚደርሱ የሚመስሉትን የበሽታ ስሞች መርጦ ደመረ፤ እንደ ፈንጣጣና ኩፍኝ ባሉት፣ አዋቂንም ሕፃንንም በሚገድሉት ስሞች ሥር ከተጻፉት ደግሞ እኩሌታውን ጨመረ። በዚህም መንገድ ከመቶው 36 እንደሚሞቱ ገመተ፤ የኋላ ዘመን ሊቃውንትም ግምቱ ከእውነት እንዳልራቀ መስክረውለታል።

ከዚህ ሥራ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛው፣ የበሽታ ስም በትክክል ከተጻፈ ያልተጻፈውን ዕድሜ እንኳ ሊናገር መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ሕፃን በዚያ መዝገብ የሚገባው ሲሞት ብቻ መሆኑ ነው። ታሞ የዳነ፣ ወይም ሕመሙን ተሸክሞ ያደገ ሕፃን በየትኛውም መስመር አይገኝም ነበር።

በ18ኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት በሽታዎችን ዕፅዋት በሚመደቡበት አኳኋን በመደብና በወገን ለመለየት ተነሡ። በፈረንሳይ አገር ሶቫዥ (1706–1767)፣ በስዊድን አገር ሊኔ (1707–1778)፣ በስኮትላንድ ደግሞ ዊልያም ከለን (1710–1790) ሰፊ ሰፊ ድርሰት ጻፉ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራበት የከለን አመዳደብ ነበር። እነዚህ ድርሰቶች ለትምህርት ቤት ክርክር የተመቹ ነበሩ፤ የአንድን አገር ሕዝብ ለመቍጠር ግን አልተመቹም።

ችግሩን በግልጽ ያስረዳው ዊልያም ፋር (1807–1883) ነው። በ1837 ሥራ በጀመረው የእንግሊዝና የዌልስ የሕዝብ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ፋር የሕክምና ቍጥር አጠናቃሪ ሆኖ ገባ። አንዱን በሽታ ሦስትና አራት ስም መስጠት፣ አንዱንም ስም ለብዙ በሽታ ማዋል እንደ ልማድ ተይዞ አገኘው። ፋርም ለተፈጥሮ ምርምር ሚዛንና መስፈሪያ የሚያስፈልገውን ያህል ለሕክምና ምርምርም የተወሰነ ስም እንደሚያስፈልግ አስረዳ። በ1853 በብራስልስ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ አገሮች ሁሉ የሚሠሩበት የሞት ምክንያቶች ዝርዝር እንዲዘጋጅ ፋርንና የጄኔቫውን ሐኪም ማርክ ዴስፒንን ጠየቀ። በ1855 ሁለቱ ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ይዘው በፓሪስ ቀረቡ። ዴስፒን በሽታዎችን እንደ ባሕርያቸው ሲለይ፣ ፋር ግን በአምስት ክፍል ከፈላቸው፤ እነርሱም ወረርሽኞች፣ መላ ሰውነትን የሚይዙ በሽታዎች፣ በአካል ክፍሎች ተራ የተመደቡ የአንድ ቦታ ሕመሞች፣ ከዕድገት ጋር የሚመጡ ሕመሞች፣ በኀይል የሚደርሱ ጉዳቶች ናቸው። ጉባኤው ሁለቱን አስታርቆ 139 መስመር ያለው ዝርዝር ተቀበለ። ዝርዝሩ በየጊዜው ቢታደስም በሁሉም አገር የሚሠራበት አልሆነም፤ የፋር አከፋፈል ግን ለኋለኞቹ መሠረት ሆኖ ቀረ።

በ1891 በቪዬና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ማኅበር አዲስ ዝርዝር እንዲሰናዳ ወስኖ የኮሚቴውን ሥራ ለዣክ ቤርቲዮን (1851–1922) ሰጠ። ቤርቲዮን የፓሪስ ከተማ የስታቲስቲክስ ክፍል ሹም ነበር። በ1893 በቺካጎ ያቀረበው ሥራ ሦስት ዝርዝሮችን የያዘ ሲሆን አንዱ 44፣ ሁለተኛው 99፣ ሦስተኛው 161 መስመር ነበረው። በ1900 የሃያ ስድስት መንግሥታት መልእክተኞች በፓሪስ ተሰብስበው 179 መስመር ያለውን የታደሰ ዝርዝር ተቀበሉ። ከዚያም በኋላ ዝርዝሩ በ1909፣ በ1920፣ በ1929ና በ1938 እየተመረመረ ታደሰ።

የቤርቲዮን ዝርዝር ምዕራፎች በብዛት በአካል ክፍል ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የሽንትና የመራቢያ አካላት ሕመም አንድ ምዕራፍ፣ የቈዳ ሕመም አንድ ምዕራፍ፣ ከፍጥረት የመጣ የአካል ጉድለት አንድ ምዕራፍ፣ የጨቅላነት ሕመም አንድ ምዕራፍ፣ ከውጭ የደረሰ ጉዳት አንድ ምዕራፍ አላቸው። ለሟች ይህ አከፋፈል ብዙ አያስቸግርም፤ ሟች አንድ ዋና የሞት ምክንያት ይሰጠዋልና። የአንዲት ትንሽ ልጅ የኀፍረተ ሥጋ ሕመም ግን ከአምስቱም ምዕራፎች ጋር ዝምድና አለው። ሕመሙ በመራቢያ አካል ላይ ይታያል፤ የሚይዘው ቈዳን ሊሆን ይችላል፤ አብሮ የተወለደ ሊመስል ይችላል፤ የጨቅላነት ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ከውጭ የደረሰ ጉዳትም ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በአምስት በሮች ፊት ይቆማል፤ በየትኛው እንደሚገባ የሚወስነውም የመርማሪው ዕውቀትና አጻጻፍ ነው።

ለሕያዋን በሽተኞች የሚሆን ዝርዝር ያስፈልጋል የሚለው ሐሳብም ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። በ1860 በሎንዶን በተደረገው ጉባኤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሆስፒታሎች ሁሉ በአንድ ዐይነት ሥርዐት በሽተኞቻቸውን እንዲመዘግቡና የፋርን አከፋፈል እንዲከተሉ አሳሰበች። ሐሳቧ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመፈጸም ግን 88 ዓመት ፈጀ። ሚያዝያ 1948 በፓሪስ የተሰበሰበው ጉባኤ ስድስተኛውን እድሳት ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጤና ጉባኤ አጸደቀው። ይህ ዝርዝር የሞትን ምክንያት ብቻ ሳይሆን ሕመምንና ጉዳትን ሁሉ እንዲያጠቃልል ሆኖ ሲዘጋጅ የመጀመሪያው ነው። ኢትዮጵያም የዓለም ጤና ድርጅትን መተዳደሪያ ሕግ በ1947 የተቀበለች በመሆኗ ከቀደሙት አባላት አንዷ ናት። እንግዲህ የማይገድል ሕመም በዓለም መዝገብ ውስጥ በሙሉ መብት መቈጠር የጀመረው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው።

ዝርዝሩ ሙታንን ሲቈጥር በቈየባቸው ዓመታት ሐኪሞች ስለ ሴት ሕፃናት ሕመሞች የነበራቸው ዕውቀት በዝግታ እያደገ ሄዷል። በ1885 አውጉስት ብሬይስኪ የኀፍረተ ሥጋን ቈዳ የሚያነጣና የሚያኰማትር ሕመም ገለጸ፤ በ1887 ደግሞ በፓሪስ አንሪ አሎፖ የቈዳ ሐኪሞች ዛሬ «ሊከን ስክሌሮሰስ» የሚሉትን በሽታ ጻፈ። በ1913 የቪዬናው ቤንያሚን ሊፕሹትስ በልጃገረዶች ላይ በድንገት የሚወጣ፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ያልመጣ ቍስል አስታወቀ። በ1940 ሩዶልፍ ፔተር በፕራግ ለሴት ሕፃናት የማሕፀንና የኀፍረተ ሥጋ ሕመም የተለየ የመመርመሪያ ክፍል ከፈተ። በ1968 አሜሪካዊው ጆን ሃፍማን በዚህ ሞያ ሰፊ የመማሪያ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1971ም የሞያው ሰዎች በስዊስ አገር ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። እንግዲህ የሞያው ማኅበር ሲቋቋም የዝርዝሩ ስምንተኛ እድሳት በሥራ ላይ ነበር፤ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የመጡ እንግዶች ናቸው ማለት ይቻላል።

በ1990 የጸደቀው ዐሥረኛው እድሳት ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ የላቲን ፊደልና ቍጥር ይሰጣል። በዚህ እድሳት ከላይ የተባሉት አምስት በሮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አዲስ በተወለደች ሕፃን ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው ጥቂት ደም በጨቅላነት ምዕራፍ፣ በፒ 54.6 ይመዘገባል። ደሙ የሚመጣው ከእናትየው ወደ ሕፃኗ ተላልፎ የነበረው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ ነው፤ የተፈጥሮ ሥርዐት እንጂ በሽታ አይደለም፤ ሆኖም በመዝገቡ የሰፈረው ከጨቅላ ሕፃናት የደም መፍሰስ ሕመሞች ጋር ተሰልፎ ነው። የድንግልና ስስ ሽፋን ፍጹም ተዘግቶ ሲገኝ ከፍጥረት ጉድለቶች ጋር በኪው 52.3 ይገባል። ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቈይና ልጅቱ ለአካለ መጠን ስትደርስ የወር አበባዋ ደም መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፤ በየወሩም ሆዷን ያማታል። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ደም በመራቢያ አካላት ምዕራፍ በኤን 89.7 ይጻፋል። አንዲት ልጅ፣ አንድ ምክንያት፣ ሁለት ምዕራፍ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ችግሩን የሚያስረዳው የብልት ከንፈሮች መጣበቅ ነው። ትንንሾቹ ከንፈሮች በመሐል መስመር ላይ በስስ ሽፋን ይያያዛሉ። ሁኔታው ዘወትር የሚታየው ከሦስት ወር እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሕፃኗ በተወለደች ጊዜ አይገኝም፤ ከእናትየው የተላለፈው ኤስትሮጅን ገና በሰውነቷ ስላለ ቈዳውን ይጠብቀዋልና። ሆርሞኑ ሲያልቅ ቈዳው ይሳሳል፤ ሽንትና እርጥበት ሲያስቈጣው እርስ በርሱ ይጣበቃል። ብዙውን ጊዜ ልጅቱ ለአካለ መጠን ስትደርስ በራሱ ይላቀቃል፤ የሚያስቸግር ከሆነም ሐኪሙ ኤስትሮጅን ያለበት ቅባት ያዛል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው በጥቂቱ ነው። በዐሥረኛው እድሳት ግን ጸሐፊው «የከንፈሮች መያያዝ» የሚል ቃል ሲፈልግ በቀላሉ የሚያገኘው ኪው 52.5ን ነው፤ ይኸውም ከፍጥረት የመጣ ጉድለት ነው። ከተወለደች በኋላ የመጣው መጣበቅ ግን ቦታው ኤን 90.8 ነው፤ «ሌሎች የተገለጹ ቍጣ የሌላቸው ሕመሞች» ከሚባለው ከልዩ ልዩ ነገር መከማቻ ጋር። ሐኪሙ «ሲወለድ አልነበረም» የሚሉትን ሁለት ቃላት ካልጻፈ ጸሐፊው ወደ መጀመሪያው ቢሄድ አይፈረድበትም። በዚህም ስሕተት ጤናማ ሆና የተወለደች ልጅ ጉድለት ይዛ እንደ ተወለደች ሆና ትቈጠራለች፤ ወላጆቿም ይህንኑ አምነው ይኖራሉ።

የሊከን ስክሌሮሰስ ታሪክ ደግሞ የድሮ ስም ከድሮ ዕውቀት ጋር እንዴት እንደሚቈይ ያሳያል። በ1885 የብሬይስኪ፣ በ1887 የአሎፖ፣ ከዚያም ወዲህ የሌሎች ስሞች እየተደራረቡ ሲሄዱ አንድ በሽታ በብዙ ስም ይጠራ ነበር። በ1976 የሞያው ሊቃውንት አሮጌዎቹን ስሞች ለመተው ተስማሙ። ይሁን እንጂ ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ በጸደቀው ዐሥረኛ እድሳት ኤን 90.4 «ሌውኮፕላኪያ»ንና የብሬይስኪን ስም እንደ ያዘ ቀረ። «ሌውኮፕላኪያ» የሚለው ቃል በሐኪሞች ዘንድ ወደ ነቀርሳ ሊለወጥ የሚችል ነገርን ያሳስባል። የሰባት ዓመት ልጅ በሽታዋ በዚህ ስም ሲመዘገብ መዝገቡን የሚያነበው ሌላ ሐኪም ከሚገባው በላይ ሊፈራ፣ ወይም ደግሞ በቈዳ ምዕራፍ ፈልጎ ሊያጣው ይችላል።

የመዝገብ ቃል ከሕክምናም አልፎ ወደ ዳኝነት የሚደርስበት ጊዜ አለ። ሊከን ስክሌሮሰስ ቈዳውን ያደማል፤ ያበልዛልም። የሽንት ቧንቧ ውስጠኛ ሽፋን ወደ ውጭ መውጣት፣ በዐሥረኛው እድሳት ኤን 36.3፣ ለአካለ መጠን ባልደረሱ በተለይም ከጥቍር ዘር በሆኑ ልጆች ላይ የሚታይ ሲሆን ደም ያሳያል። ሊፕሹትስ የገለጸው ቍስል ብዙ ጊዜ ትኵሳት ካለው ሕመም በኋላ በድንገት ይወጣል። እነዚህ ሦስቱ ለማያውቅ ሰው የመደፈር ምልክት ይመስላሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ በችኰላ የተጻፈ አንድ ቃል ንጹሕ አባትን ወይም ዘመድን ሊያስከስስ ይችላል። በተቃራኒውም እውነተኛ ጉዳት «ቀላል ሕመም» ተብሎ ቢጻፍ ልጅቱ ያለ ጠባቂ ትቀራለች። ስለዚህ የሚበጀው መጀመሪያ የታየውን እንደ ታየ መጻፍ፣ ከዚያም የመሰለውን ፍርድ ለብቻው ማስፈር ነው።

ይህ ጕዳይ የሕዝብን ልማድ የሚያጠኑትንም በቀጥታ ይመለከታል። የሴት ልጅ ግርዛት በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች በልዩ ልዩ ዕድሜ ሲፈጸም የኖረ ልማድ ነው፤ በሰሜን በብዙ ቦታ ሕፃኗ በተወለደች በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ፣ በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ከፍ ስትል ከመስፋት ጋር ይፈጸም ነበር። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ ግርዛትን በአንቀጽ 565፣ መስፋትን በአንቀጽ 566 ከልክሏል። በ2005 በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካላቸው ሴቶች ከመቶው 74፣ በ2016 በተደረገው ደግሞ ከመቶው 65 የተገረዙ ሆነው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም ድርጊቱን በ1995 በአራት ዐይነት ከፍሎ በ2007 አከፋፈሉን አሻሽሏል።

እንግዲህ ሁለት ዓመት በሞላት ልጅ ላይ ከንፈሮቹ ተያይዘው ቢገኙ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ከላይ የተነገረው በራሱ የሚላቀቅ መጣበቅ ነው፤ ሁለተኛው በግርዛት ወይም በመስፋት የመጣ ጠባሳ ነው። በመጀመሪያው አካሉ ሁሉ ሙሉ ነው፤ በመሐሉም ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ መስመር ይታያል። በሁለተኛው ጠባሳው ወፍራም ነው፤ የጐደለ አካልም ሊኖር ይችላል። አንዱ ወላጆችን ማጽናናት ብቻ የሚጠይቅ ሲሆን ሌላው በሕግ የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው። በአሜሪካ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አገር፣ ለግርዛት የተለየ የመዝገብ ቍጥር የተሰጠው ከጥቅምት 2004 ጀምሮ ነው። ያው አገር ዐሥረኛውን እድሳት ለራሱ አስፋፍቶ በ2015 ሥራ ላይ ሲያውል ግርዛትን በኤን 90.81፣ የከንፈሮችን መጣበቅ በኤን 90.89 አስቀመጠ። ሁለቱም በአንድ ኤን 90.8 ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የሚለያቸው የመጨረሻው አኃዝ ነው። አኃዙን የሚወስነው ደግሞ የመርማሪው ጽሑፍ ነው።

በ2019 የጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ዐሥራ አንደኛው እድሳት የአምስቱን በሮች ችግር በከፊል አቃልሏል። አንድ በሽታ የሚቈጠርበት ቦታ አንድ ሆኖ ሳለ በብዙ መንገድ ፈልጎ ማግኘት እንዲቻል ተደርጓል፤ አንድን ቍጥር ከሌላ ቍጥር ጋር በማጣመርም ቦታውንና ምክንያቱን አብሮ መግለጽ ይቻላል። ነገር ግን ዝርዝሩ ምንም ቢሟላ ያልተጻፈውን አያነብም። ልጅቱ ስንት ዓመቷ እንደ ሆነ፣ ሁኔታው ከልደት ጀምሮ የነበረ ወይም በኋላ የመጣ መሆኑ፣ ጠባሳ መኖሩ ወይም አለመኖሩ፣ የታየው ምን እንደ ሆነ በግልጽ ካልሰፈረ አዲሱም ቍጥር እንደ አሮጌው ይሳሳታል።

ግራውንት ያልተጻፈውን ዕድሜ ከበሽታ ስም ለማውጣት ሲደክም የሚቈጥረው ሙታንን ነበር። ዛሬ የሚቈጠሩት ሕያዋን ልጆች ናቸው። የሟች መዝገብ ቢሳሳት ስሕተቱ በቍጥሩ ላይ ይቀራል፤ የሕያዊት ልጅ መዝገብ ቢሳሳት ግን ስሕተቱ ከልጅቱ ጋር ያድጋል።